በጌምስኮም አዲስ ጌም ለመሞከር፦ ከትኬት እስከ ጆይስቲክ

ገና ለገበያ ያልቀረበ የኮንሶል ጌም በራስ እጅ ይዞ ለመሞከር በአውሮፓ ካሉት ዕድሎች ትልቁ ጀርመን ውስጥ ኮሎኝ ከተማ በየዓመቱ በነሐሴ ወር የሚካሄደው ጌምስኮም የተባለው የጌም ኤግዚቢሽን ነው። ኮሎኝ ላይ መካሄድ የጀመረው በ2009 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2025 ከ350 ሺህ በላይ ሰው ገብቶበታል። ከ1995 ጀምሮ የሎስ አንጀለሱ ኢ3 ትልቁን ስም ይዞ ኖሯል፤ በ2023 መጨረሻ ግን ጨርሶ መቅረቱ ተነገረ። ሲያትል አካባቢ ለሚኖር አንባቢ ፓክስ ዌስት፣ ጃፓን ላለ ደግሞ የቶኪዮ ጌም ሾው አለ። ከታች የምንለው አብዛኛው ነገር እዚያም ይሠራል።

ችግሩ ጊዜ ነው። ስሙ የገነነ ጌም ለመንካት ሦስት አራት ሰዓት ተሰልፎ 20 ደቂቃ መጫወት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ያችን 20 ደቂቃ የመግቢያ ፊልሙን በማየትና የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ በመፈለግ ያባክናታል። ሲወጣ የሚያውቀው ነገር ቤቱ ሆኖ ዩቲዩብ ላይ ከሚያየው አይበልጥም። መመሪያው ያችን 20 ደቂቃ ለማዳን ነው።

ከመሄድ በፊት

ትኬት የሚሸጠው በኢንተርኔት ነው፤ ለአንድ ቀን፣ በስም። ቅዳሜ ቀድሞ ያልቃል፣ ሕዝቡም የሚበዛው ያን ቀን ነው። ረቡዕ በዋናነት ለባለሙያና ለጋዜጠኛ የተተወ ነው። ዓላማችሁ ትርዒት ማየት ሳይሆን ጌም መሞከር ከሆነ ሐሙስን ምረጡ። ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ የሼንገን ቪዛው ከትኬቱ በፊት ይታሰብበት። በዚያ ሳምንት የኮሎኝ ሆቴል ዋጋ ስለሚሰቀል ቦን ወይም ዱስልዶርፍ አድሮ በባቡር መመላለስ ይረክሳል፤ ሁለቱም ግማሽ ሰዓት ገደማ ናቸው። ከፍራንክፈርት የምትመጡ በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስትቆርጡ ሜሴ ዶይትዝ ጣቢያ ላይ የሚቆመውን ፈልጉ፤ የኤግዚቢሽኑ ማዕከል እዚያው አጠገብ ነው። ዋናው ባቡር ጣቢያ ከወረዳችሁም አትጨነቁ፣ የራይን ወንዝን ድልድይ በእግር ተሻግሮ መድረስ ይቻላል።

ቀጥሎ የሚሠራው የጌሞቹ ዝርዝር ነው። በቀን አንድ ትልቅ ጌም፣ ሁለት መካከለኛ፣ የቀረውን ጊዜ ለትንንሽ ስቱዲዮዎች። ከዚህ በላይ ያቀደ ሰው አይሳካለትም። በእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ጥያቄው ግን እጅ ብቻ የሚመልሰው ይሁን። «ግራፊኩ ያምራል ወይ?» ቪዲዮ ስለሚመልሰው ሦስት ሰዓት መሰለፍ አያስፈልገውም። «ሰይፉን ስሰነዝር መሃል ላይ ሐሳቤን ቀይሬ መሸሽ እችላለሁ?»፣ «መኪናው መታጠፊያ ላይ መሬት ይይዛል ወይስ ይንሸራተታል?»፣ «ጽሑፉ ከሶፋ ላይ ይነበባል?» የሚሉት ግን ወንበሩ ላይ ካልተቀመጡ አይታወቁም።

ከቤት ሳትወጡ ኮንሶላችሁ ላይ ስቶሩን ክፈቱና የመረጣችሁት ጌም ዴሞ (ለመሞከሪያ የሚሰጥ የጌሙ ክፍል) ወጥቶ እንደሆነ እዩ። አንዳንድ ኩባንያ ኤግዚቢሽኑ ውስጥ ባለው ዳሱ ላይ የሚያስሞክረውን ዴሞ በዚያው ሰሞን ለሁሉም ይለቀዋል። ከተለቀቀ ከዝርዝሩ ሰርዙት፤ ቤት በራሳችሁ ቴሌቪዥን መሞከር የትም ካለ ዳስ ይሻላል።

ቦርሳችሁ ትንሽ ይሁን፣ ትልቅ ቦርሳ በፍተሻ ያስቆማል። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ዋናው መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ፓወር ባንክ፣ እስክሪብቶና ትንሽ ደብተር፣ እርጥብ የእጅ መጥረጊያ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ የሚበላ ደረቅ ነገር። ለስንቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚያህል የለም፣ እጅ አያቆሽሽም፣ ወረፋ ላይ ቆሞም ይበላል። ታጣፊ የካርቶን በርጩማ የያዘ ሰው ካያችሁ አትሳቁበት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ትቀኑበታላችሁ። የፕላስቲክ ውሃ ስትገዙ ዋጋው ላይ 25 ሳንቲም መያዣ ይታከላል፤ ጠርሙሱን ስትመልሱ ይመለስላችኋል።

በሩ ላይ፦ የዕድሜ አምባር

በጀርመን የጌም ዕድሜ የሚወስነው ኡኤስካ የሚባለው ተቋም ነው። ደረጃዎቹ 0፣ 6፣ 12፣ 16 እና 18 ናቸው። የምልክቶቹ ቀለም ለ12 አረንጓዴ፣ ለ16 ሰማያዊ፣ ለ18 ቀይ ነው። የ16 እና የ18 ጌሞች ስክሪናቸው ከውጭ እንዳይታይ በግድግዳ ይከለላሉ። ከ12 ዓመት ጀምሮ ያለ ጎብኚ መታወቂያ አሳይቶ የዕድሜ አምባር እጁ ላይ ያስራል። አምባር የሌለው 40 ዓመት ቢሞላውም አይገባም።

እዚህ ላይ ሰው ሁለት ስህተት ይሠራል። አንደኛው የመታወቂያ ፎቶ በስልክ ይዞ መምጣት ነው፤ ዋናው ካልሆነ አይቀበሉም። ሁለተኛው አምባሩን ትቶ በቀጥታ ወደ ዳሱ መሮጥ ነው፤ አንድ ሰዓት ተሰልፎ መግቢያው ላይ ይመለሳል። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ወላጆች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ «እኔ ፈቅጄለታለሁ» ማለት እዚያ አይሠራም። የ14 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ቢሆንም የ16 ጌም ዳስ አይገባም። ለልጁ የሚሆነውን አስቀድማችሁ ምረጡ፣ አለዚያ ቀኑ በለቅሶ ያልፋል።

ወረፋውን አስሉት

በሩ የሚከፈተው በአውሮፓ ሰዓት 10 ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት። የሰዓት ቀጠሮ የሚሰጡ ዳሶች ስላሉ ለቤተሰብ ስትነግሩ የቱን አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ። ትልቁ ጌም ከተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ወረፋው ስለሚሞላ መጀመሪያ ወደ እሱ ሂዱ።

ተሰለፉ ከመባላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ ወይም በዓይናችሁ ቁጠሩ፦ ስንት መጫወቻ ወንበር አለ? አንድ ዙር ስንት ደቂቃ ነው? ከዚያ ከፊታችሁ ያለውን ሰው ለወንበሩ ቁጥር አካፍሉ፣ ውጤቱን በዙሩ ደቂቃ አባዙ፤ ለመውጣት፣ ለመጥረግና ጌሙን እንደገና ለማስነሳት በየዙሩ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ለምሳሌ ከፊታችሁ 240 ሰው፣ 24 ወንበር፣ የ20 ደቂቃ ዴሞ ካለ 10 ዙር በ25 ደቂቃ 250 ደቂቃ ይሆናል። ከ4 ሰዓት በላይ ነው። ወንበሩ 48 ቢሆን ኖሮ 125 ደቂቃ ይበቃ ነበር። ስለዚህ አጭር የሚመስል ወረፋ 8 ወንበር ካለው ዳስ ፊት ከሆነ አያታልላችሁ። ከፊታችሁ 80 ሰው ቢኖር እዚያም ያው 10 ዙር ነው።

ብዙ ዳስ ከዴሞው በፊት ሁሉንም አስገብቶ ማብራሪያ ፊልም ያሳያል፤ ያም ጊዜ ወደ ዙሩ ይደመር። ማታ ወረፋው ይሳሳል የሚለው እውነት ነው፤ ነገር ግን አዳራሹ ሳይዘጋ በፊት ወረፋው ስለሚዘጋ የመጨረሻዋን ሰዓት አትመኑ። ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁ አንዱ ተሰልፎ ሌላው ሲዞር ቆይቶ መግባት ከኋላ ያለውን ያስቆጣል፣ አስተናጋጆቹም አይፈቅዱም።

ትልቁ ካለቀ በኋላ ወደ ትንንሾቹ ስቱዲዮዎች ሂዱ። እዚያ ወረፋው አጭር ነው፤ ከጎናችሁ የቆመው ሰውም ብዙ ጊዜ ጌሙን ራሱ የሠራው ነው። በእኛ አስተያየት የጌምስኮም ምርጡ ክፍል ይህ ነው። ትልልቆቹ ዳሶች ላይ የሚያስተናግዱት አብዛኞቹ ለሳምንቱ የተቀጠሩ ወጣቶች ናቸው፤ ወንበር ያሳያሉ እንጂ ስለ ጌሙ ብዙ አያውቁም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች

እንደተቀመጣችሁ ጌሙን ሳትጀምሩ ጣታችሁን ከሁለቱም አናሎግ (በአውራ ጣት ከሚገፉት ሁለቱ ዘንጎች) አንሡና ስክሪኑን እዩ። የጌሙ ሰውዬ ወይም ካሜራው በራሱ ከተንቀሳቀሰ አናሎጉ ተበልቷል። በቀን መቶ ሰው የሚጨብጠው ጆይስቲክ ስለሆነ የሚገርም አይደለም። ያኔውኑ እጃችሁን አውጥታችሁ አስቀይሩት። መሃል ላይ ካስቀየራችሁ የሚበላው የእናንተ ጊዜ ነው። ከጆይስቲኩ ጀርባ በኩል ያሉት ቁልፎች፣ ኤል2 እና አር2፣ እስከ መጨረሻ ወርደው መመለሳቸውንም ተጫኑና እዩ። ጆይስቲኩ በገመድ ከተያያዘ አትከፉ። አዳራሹ ውስጥ የሺህ ሰው ስልክ፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ በአንድ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ይጋፋል፤ ገመድ አልባው እዚያ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል።

ከዚያ ሴቲንግ ክፈቱ። ከእናንተ በፊት የተቀመጠው የተወውን ነው የምታገኙት፣ ሁልጊዜ አይመልሱትም። የሚታየው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦

1. ቋንቋ። ጀርመን ውስጥ ስለሆናችሁ ጌሙ በጀርመንኛ ተከፍቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል።
2. የካሜራው ወደ ላይና ወደ ታች። የተገለበጠ ከሆነ መልሱት።
3. የካሜራው ፍጥነት። ቤት ከለመዳችሁት ጋር አቀራርቡ።
4. የምስል ሁኔታ። ለጥራት ወይም ለፍጥነት የሚል ምርጫ ካለ የትኛው እንደተመረጠ አስታውሱ።
5. የጌሙ አስቸጋሪነት። መካከለኛውን ያዙ፤ ቀላሉ የጠላትን ብልኃት ይደብቃል፣ ከባዱ ጊዜ ይበላል።

ሴቲንጉ ከተቆለፈ አስተናጋጁን ጠይቁ፤ አንዳንዱ መክፈት ይችላል። ለቁልፎቹ አቀማመጥም ተጠንቀቁ። በኤክስቦክስ ኤ ታች፣ ቢ ቀኝ ነው፤ በኒንቴንዶ ግን ቢ ታች፣ ኤ ቀኝ ነው። ፕሌይስቴሽን የለመደ እጅ ኒንቴንዶ ላይ ሲቀመጥ «እሺ» ለማለት ሲጫን «ተመለስ» ይሆንበታል። ማሳያ ንግግር ሁሉ ከዘለለባችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እጅና ዓይን የሚፈትሹት

ቀጣዮቹን አራት ደቂቃዎች ታሪኩን ሳትከተሉ ተጠቀሙባቸው። ተራመዱ፣ ቁሙ፣ በድንገት ዙሩ፣ ዝለሉ፣ ካሜራውን ግድግዳ ጥግ ውስጥ ከትቱት። ትእዛዝ ሰጥታችሁ ምላሹ ከዘገየ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለይበት ዘዴ አለ። ሜኑ ክፈቱና ምርጫውን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጉ። ሜኑው ፈጣን ሆኖ ሰውየው ከዘገየ እንቅስቃሴው እንዲከብድ ተደርጎ ነው ጌሙ የተሠራው፤ ገዝታችሁ ቤት ስትወስዱትም እንደዚያው ነው። ሜኑውም ከዘገየ ግን ችግሩ ቴሌቪዥኑ ወይም ግንኙነቱ ነው። የቴሌቪዥኑ ጌም ሞድ (ለጌም ምላሹን የሚያፈጥነው ምርጫ) መብራቱን እንዲያዩላችሁ ንገሯቸው፤ ካልተስተካከለ ስለ ፍጥነቱ ምንም አትፍረዱ።

የፍሬም ፍጥነት (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚታይ) ለማየት አንድ ቀጥ ያለ ነገር ፈልጉ፣ ዓምድ ወይም የበር መቃን። ካሜራውን በዝግታ ወደ ጎን አዙሩ። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ እያንዳንዱ ምስል 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚቆይ ጠርዙ እየዘለለና እየተደረበ ይሄዳል። በ60 ጊዜው ወደ 17 ሚሊሰከንድ ስለሚወርድ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል። ባዶ ክፍል ውስጥ የታየ ልስላሴ ብዙ አይናገርም፤ ዝናብ፣ ጭስና ብዙ ጠላት ባለበት ድገሙት።

ከዚያ ተጫወቱ። ደብተራችሁ ላይ የጻፋችሁትን ጥያቄ መልሱ። መሃል ላይ አንድ ጊዜ ሆን ብላችሁ ሙቱ። ከአንድ ደቂቃ በታች ይፈጃል፣ ነገር ግን ጌሙ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚመልሳችሁ፣ ለመክፈት ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ፣ የማይዘለል ንግግር ደግማችሁ ትሰሙ እንደሆነ ይነግራችኋል። ማስታወቂያ ላይ ይህን የሚያሳይ የለም።

የጽሑፉን መጠን ስትመዝኑ ወንበሩን ወደ ኋላ አድርጉ ወይም ስትነሡ ጥቂት እርምጃ ራቁና አንብቡ። ዳስ ላይ ስክሪኑ ከአንድ ሜትር አይርቅም፣ ቤት ሳሎን ውስጥ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። ብዙ ጌም የሚወድቀው በዚህ ነው።

የእግር ኳስ ጌም ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። አብዛኛው ሰው ፈጣን አጥቂ ያለበትን ቡድን ይመርጣል፤ ፍጥነት ደግሞ የጌሙን ጉድለት ሁሉ ይሸፍናል። መካከለኛ ቡድን ያዙ። ተከላካይ ኳስ ይዞ ሲዞር፣ የመሃል ቅብብል ሲጠብ፣ በረኛ ከግቡ ሲወጣ ተመልከቱ። ቤት የለመዳችሁት የቅብብል እገዛ እዚያ ስለማይኖር መጀመሪያ ሴቲንጉ ላይ አስተካክሉት፤ አለዚያ ያልለመዳችሁትን እገዛ እንደ ጌሙ ለውጥ ትቆጥሩታላችሁ።

ጌሙ ከተቋረጠ ወይም ከደረቀ ማሽኑን አትንኩ፣ እጅ አውጡ። ወንበር ላይ ሳላችሁ ከጠየቃችሁ የጠፋውን ጊዜ ብዙ ጊዜ ይመልሱላችኋል፣ ከወጣችሁ በኋላ ግን የሚሰማችሁ የለም። ራስ ካዞራችሁ የእንቅስቃሴ ማደብዘዣውን አጥፉ፣ ካልተወ ተነሡ። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ የሚያስነሣበት ሰው ደግሞ ከመግባቱ በፊት ስለ ጌሙ ይጠይቅ፤ የአዳራሹ መብራት ራሱም ይብለጨለጫል።

ዳሱ የሚደብቀው

ኤክስቦክስ ወይም ፕሌይስቴሽን የሚል ጽሑፍ ያለበት ዳስ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። ጆይስቲኩ የኮንሶሉ ስለሆነ አታውቁትም። ስለዚህ የሚጠየቀው ዋናው ጥያቄ «ይህ በምን ላይ ነው የሚሠራው?» የሚለው ነው። መልስ ካላገኛችሁ ስለ ምስል ጥራትና ስለ መጫኛ ጊዜ ያያችሁትን በጥርጣሬ ያዙት። ኮንሶልም ቢሆን የትኛው እንደሆነ ለዩ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 16 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፣ ሲሪስ ኤስ 10 ብቻ። ቤታችሁ ኤስ ካለ የኤክሱ ዴሞ ለእናንተ ምስክር አይሆንም። ፕሌይስቴሽን 5ም ከፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ጋር እንዲሁ ነው።

ኒንቴንዶ ስዊች 2 ላይ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ቴሌቪዥን ላይ ነው ወይስ በእጅ? በእጅ ሲያዝ ስክሪኑ 7.9 ኢንች፣ 1080ፒ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር በሚያገናኘው ማስቀመጫ (ዶክ) ላይ ሲሆን የምስሉ ጥራት እስከ 4ኬ ይወጣል። አንዱን ብቻ ካስሞከሯችሁ ሌላውን አላያችሁም ማለት ነው። ጆይኮኑን (ከስዊቹ የሚነቀለውን ጆይስቲክ) እንደ ማውስ የሚጠቀሙ ጌሞች ዳስ ላይ ለስላሳ ጠረጴዛ ይዘጋጅላቸዋል፤ ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁም ሞክሩት፣ ቤት የምትጫወቱት እንደዚያ ነውና። ኒንቴንዶ በ2025 ኮንሶሉ ከመውጣቱ በፊት ፓሪስ፣ ለንደን፣ በርሊን፣ ሚላንና ሌሎች ከተሞች ላይ ባዘጋጃቸው የመሞከሪያ ቀናት ትኬቱ በዕጣ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ሲታወጅ ምዝገባው አጭር ስለሆነ ማስታወቂያውን በኢሜይል መቀበል ይጠቅማል።

የምትጫወቱትም ክፍል ተመርጦና ተወልውሎ የቀረበ ነው። ጀግናው ገና ያልደረሰበትን ጉልበት ታጥቆ ይሰጣችኋል፣ ጤናው አያልቅም፣ ጥይቱ አይጎድልም። «ይህ ከጌሙ ስንተኛ ሰዓት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጣፋጩ ክፍል አሥረኛው ሰዓት ላይ ከሆነ ከፊቱ ያለው ዘጠኝ ሰዓት ምን እንደሚመስል አልነገሯችሁም።

ከዳሱ ስትወጡ

ወደሚቀጥለው ወረፋ ከመግባታችሁ በፊት አምስት መስመር ጻፉ፦ የተጫወታችሁበት ማሽን፣ የጥያቄያችሁ መልስ፣ ያስቸገረ አንድ ነገር፣ ያስደሰተ አንድ ነገር፣ ሞታችሁ ስትመለሱ የሆነው። ማታ ስትጽፉት ሦስቱ ጌም ይደባለቃል። ፎቶ ክልክል ነው የሚል ምልክት ካለ አታንሡ፤ ያስወጧችኋል። ፊርማ አስፈርመው የሚያስሞክሩ ዝግ ክፍሎችም አሉ። እዚያ ያያችሁትን ለጓደኛ በቴሌግራም መላክም ውሉን መጣስ ነው።

የቅድሚያ ግዢ ማስታወቂያ እዚያው በራፉ ላይ ይጠብቃችኋል፤ አትቸኩሉ። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጌም በታኅሣሥ 2020 ሲወጣ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ብልሽቱ ስለበዛ ሶኒ በቀናት ውስጥ ከስቶሩ አንሥቶት እስከ ሰኔ 2021 አልመለሰውም። የራሳችሁን ኮንሶል የሚመለከት ግምገማ እስኪወጣ ጠብቁ። በፕሌይስቴሽን ስቶር ቀድማችሁ ከገዛችሁም ገንዘብ ማስመለስ የሚቻለው ማውረድ ካልጀመራችሁ ነው፤ ስለዚህ ስትከፍሉ ወዲያውኑ ኮንሶሉ በራሱ እንዲያወርድ የሚያደርገውን ምርጫ አጥፉት።